ቅዳሜን የጠበቀ መርዶ

ውድ ጋሼ በሪሁን፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደው ነው። ተናድጃለሁ። ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

እማዬ ማክሰኞ ሞተች። ረቡዕ ቀበራችኋት። ረቡዕ እኔ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሮዝቪል፣ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ የሰው ሐዘን አጽናና ነበር። ሳጎርሳቸው የከረምኩት የሆንግ ኮንጉ ሽማግሌ ሚስተር ላም ያን ዕለት ጠዋት አረፉ። ልጃቸውን ዪንግን በቋንቋቸው፣ በካንቶንኛ፣ ምን ተብሎ እንደሚጽናና ጠየቅኳት።

«ለቤተሰብ ‹ጐ ሳን› በዪ፤ ከዚህ ዓለም አለፈ እንደማለት ነው። ለሥራ ባልደረቦችሽ ‹ሄደ› ይበቃል። ‹የጨው እንቁላል ሊሸጥ ሄደ› የሚባል ቀልድም አለ፤ ሞተ ለማለት ነው። እሱን ለሐዘንተኛ እንዳትዪ፣ ትመቻለሽ!»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«አባቴ ስለ ራሱ ሲያወራ የሚለው እሱን ነበራ!»

እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ጋሼ። በሙሉ አፌ። እማዬ አፈር ለብሳ።

ከሥራ ስወጣ ደወልኩልህ። እናንተ ጋ፣ አገር ቤት፣ እኩለ ሌሊት ነበር። የሰው ጫጫታ ሰማሁ።

«እንግዶች ናቸው» አልከኝ። «እማዬ ተኝታለች።»

ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም። ሐሙስ ብሉሚንግተን ገበያ ሄጄ ወፍራም ካልሲ ገዛሁላት። ቀለሙን ስመርጥ ብዙ ቆየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ እማማ ለተኪሮስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር በሬን አንኳኩ።

«ምነው ተሰብስባችሁ? ልትድሩኝ ነው?» አልኩ።

ማንም አልሳቀም።

ከነገሩኝ በኋላ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መቼ?»

«ማክሰኞ፣ የኔ ልጅ። ሺፍትሽ ይለፍ፣ ቅዳሜን ጠብቁ ያለን ወንድምሽ ነው። ሐይዌይ ላይ ድራይቭ እያደረግሽ ብትሰሚስ?» አሉኝ እማማ ለተኪሮስ።

እሳቸውን አልቆጣም። አደራ ተቀብለው ነው የመጡት። የምቆጣው አንተን ነው።

ደንባችን ነው ትለኛለህ። መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ሰው አጠገቧ ይሁን። እሺ። ቃሉንም አለስልሰው፤ ዐረፈች በለኝ፣ ተለየችን በለኝ። ግን በስልክም ቢሆን ቀብሯን ባየሁ። እናንተ ስትጮኹ በጮህኩ። እኔ ብቻዬን፣ ሁሉም አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ጀመርኩ።

አሁን «አባባ ደህና ነው» ስትለኝ አላምንህም። ይኼንንም ወሰድክብኝ።

እሱም ደክሟል፣ አውቃለሁ። ቀኑ ሲመጣ ሰው እንዳትልክብኝ። ራስህ ደውል፣ በዚያው ሰዓት። ሥራ ላይ ብሆን፣ መንገድ ላይ ብሆን፣ ደውል። መኪናዬን ዳር አስይዤ እጮሃለሁ። ለቅሶው የኔ ነው፤ ሰዓቱን አንተ አትመርጥልኝም።

እናቷን ያልቀበረች እህትህ፣
ትሕትና