ስንት ልጆች አሉሽ?

ዓለም ባንክ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ጁባ ላለኸው ለኸይረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። «የሉብና አባት» ብዬ ልጀምር ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ቆምኩ። ድሮ እኔም ጎረቤቱም የምንጠራህ በሷ ነበር። «የኢርፋን አባት» ልበል ስል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በስምህ ጻፍኩልህ፤ እንዳትቀየመኝ።

ሙናዊር ወባ ይዞህ እንደነበር ነገረኝ። መቼም የአጎትህ ልጅ መዋሸት አይችልበትም፤ «አሁን ድኗል» ሲለኝ ዓይኑን ከኔ ያሸሽ ነበር። እባክህ ያለ አጎበር አትተኛ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህም እሱ ነው። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም አትበለኝ። በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከተባባልን በኋላ ካርዱ ሳያልቅ ወሬያችን ያልቃል። ከዚያ የአንተን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ አንተም የኔን ትሰማለህ፣ ማናችንም አንዘጋውም።

ቤቱን ለቀናል ኸይረዲን። ቤቱም የለም።

ግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው ክረምቱ ሳይገባ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል ተባለ። ጎረቤቶቻችን ምትክ ሲያገኙ የኛ ቤት በሟች አክስትህ ስም ስለተመዘገበ «እናንተን አይመለከትም፣ ተከራይታችሁ ግቡ» አሉን። ጎረቤቱ በየተራ ዕቃውን እየጫነ ወጣ። ጣራቸው ተነሥቶ ግድግዳቸው ብቻ ሲቀር፣ ሰው ሲበላና ሲተኛበት በኖረው ቤት ውስጥ ሰማይ ይታይ ጀመር። ከመስመራችን እኔና ኢርፋን ብቻ ቀረን።

ለምን እንደዘገየሁ ታውቃለህ። የዛሬ ሦስት ዓመት በኢድ ዋዜማ፣ እህል በረንዳ ግርግር ውስጥ የጠፋችው ልጃችን የምታውቀው ቤት ያ ብቻ ነው። ፖሊስ ጣቢያውም፣ ሬዲዮውም፣ በየስልክ እንጨቱ የለጠፍነው ፎቶዋም ምንም አላመጣልንም። እሷ ግን መንገዱን ታውቀዋለች። ከወፍጮ ቤቱ ታጥፋ፣ በጨርቅ ሰፊዎቹ ደጃፍ አልፋ፣ ሰማያዊው በር ላይ ትደርሳለች። በሩ ከሌለ ወዴት ትገባለች? እያልኩ ቀኑን ስገፋ ቆየሁ። በመጨረሻ መብራቱ ተቆርጦ፣ ሌቦች የሰፈሩን ቆርቆሮ መንቀል ሲጀምሩ ለኢርፋን ፈራሁለት።

ያኔ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። መርካቶ ዙሪያ እንኳን ቤት ጓዳም አይገኝም፤ ከአብነት ታክሲ እየያዝን ወደ ዳር ዳሩ ነው የተሰደድነው። አየር ጤና ታክሲ ተራ ጥግ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ዘውገ የሚባል ደላላ አገኘሁ። «ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ ቆጣሪ የግል፣ ውሃ ግቢ ውስጥ፣ እንዳያመልጥሽ!» ይለኛል። ጭቃውን አቋርጠን ስንደርስ ውሃውም ቆጣሪውም የለም።

የገረመኝ የአከራዮቹ ነገር ነው። ምን እንደምሠራ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ሂጃቤን አይተው ፊታቸው የሚቀየርም አሉ። ሁሉም ግን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት» አልኳቸው፣ የመጀመሪያውን ቤት ባለቤት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። «አንድ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሁለት ሲሆኑ ይጣላሉ፣ ግድግዳ ይሞነጫጭራሉ» ብለው በሩን መለስ አደረጉት።

መንገድ ላይ ዘውገ ተቆጣኝ። «ስሚ እህቴ፣ እኔ የማየው አንድ ልጅ ነው። ሁለተኛው የታለ?»

«ትመጣለች።»

«ስትመጣ ያኔ እንነጋገራለና! አሁን አንድ በይ፣ አለቀ። ማን ይቆጥርብሻል?»

ሁለተኛው ቤት ጥሩ ነበር። ፀሐይ ይገባዋል፤ ሴትዮዋም ወደዱኝ፤ ኢርፋንን ጉንጩን ይዘው ብስኩት ሰጡት። ከዚያ ያንኑ ጠየቁኝ። ዘውገ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ» ልል አፌን ከፈትኩ። ኢርፋን ቀና ብሎ አየኝ። ኸይሩ፣ ያቺን ቃል ማውጣት አቃተኝ። አንድ ካልኩ የቀበርኳት መሰለኝ፤ ያውም ሳትታጠብ፣ ሳትከፈን፣ ሳይሰገድባት። «ሁለት» አልኩና ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ዘውገ ስልኬን አላነሣም።

የአሁኑን ቤት ያገኘሁት ብቻዬን ሳፈላልግ ነው። ዓለም ባንክ ውስጥ ለውስጥ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት አጠገብ ያለ አንድ ባለሱቅ «እትዬ ሙሉዬ ጋ ሞክሪ። ተከራይ ግን አይበረክትላቸውም» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ለመጠየቅም ደክሞኝ ነበር።

እትዬ ሙሉዬ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በራፋቸው ላይ በርጩማ አድርገው ወደ ውጭው በር እያዩ ይውላሉ። «በጾም ቀን የሥጋ ሽታ ወደኔ እንዳይመጣ ብቻ» አሉኝ። «ያንቺን ሶላት እኔ አልነካም፣ የኔን ጸሎት አንቺ አትንኪ። ስንት ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት። ሴትና ወንድ።»

«እሰይ! እንግዲያ ግቢው ድምፅ ያግኝ» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን መልስ ሰጥቼ ሰው ደስ አለው።

በማግስቱ ዕቃችንን ይዘን ስንመጣ፣ ኢርፋን ኢሱዙው ጋቢና ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጦ የመንገዱን ቤቶች ሲያይ ቆየ። ከዚያ «እማ፣ ሉብና ይህንን ቤት ታውቀዋለች?» አለኝ። መልኳን እንኳ አያስታውሰውም እኮ። ሹፌሩ ራዲዮኑን ከፍ አደረገው።

እዚህ ያስቸገረኝ ጸጥታው ነው። መርካቶ እያለን «እማ!» የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እዞር ነበር፤ ግን ድምፁን ወዲያው ጩኸቱ ይውጥልኛል። እዚህ አንድ ልጅ ከሩቅ «እማ» ሲል፣ ድምፁ ከባህር ዛፉ ጋር ሲንሾካሾክ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። የቆርቆሮው በር በነፋስ ሲንኳኳ ተነሥቼ እከፍታለሁ። ማንም የለም። ዘግቼ ስመለስ ደግሞ ቶሎ የዘጋሁት ይመስለኛል።

ከገባን ሳምንት ሳይሞላን፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ ግቢው ቧንቧ ሥር ልብስ አጥብ ነበር። ኢርፋን ቤት ውስጥ ተኝቷል። እትዬ ሙሉዬ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

«ሰዓደት፣ ሴቷ ልጅሽ ዓይነ አፋር ናት መሰል። በሩ ላይ ቆማ ግቢ ብላት እምቢ አለችኝ።»

እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። «የቷ ልጅ እትዬ?»

«ያንቺይቱ ናታ! ጫማዋን በእጇ ይዛ፤ ይችን የምታክል» አሉና ወገባቸው ላይ ለኩልኝ።

ሉብና ጭቃ ሲሆን ጫማዋን እንደምታወልቅ አንተና እኔ እናውቃለን። ለሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም። ስለሷ «ሁለት፣ ሴትና ወንድ» ከማለቴ በቀር ለሳቸው የነገርኳቸው ነገር አልነበረም።

በባዶ እግሬ፣ እጄ ላይ ያለው አረፋ ሳይደርቅ ወጣሁ። ስሟን ጮኼ ጠራሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጮኼ ጠርቼው የማላውቀውን ስም፣ እዚያ ማንም በማያውቀኝ ሰፈር መሐል እስኪበቃኝ ጠራሁት። ሰው ከየግቢው ወጣ። ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች «ይችን የምታክል ልጅ አላያችሁም?» እያልኩ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን እያጣፋች ደርሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስንት ዓመቷ ነው እህቴ?»

«ሰባት» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቆምኩ። ሰባት ዓመቷ የነበረው ያኔ ነው። ልጃችን አሁን አሥር ዓመቷ ነው ኸይረዲን። ትከሻዬ ጋ ትደርሳለች፤ ጥርሷ ተተክቷል፤ ድምፅዋም ተለውጦ ይሆናል። እኔ ግን በየመንገዱ፣ በየታክሲው፣ በሰው መሐል ዓይኔን ዝቅ አድርጌ ነው የምፈልጋት። እዚያ ኳሱን ቆመው ከሚያዩት ሴት ልጆች መሐል ብትሆንስ? ፊታቸውን አላየሁም፤ ረዣዥሞቹን ሁሉ አልፌያቸው ነው የሮጥኩት። እዚያው አስፋልት ዳር ተቀመጥኩ።

ስመለስ ባለሱቁ ውሃ ይዞ ጠበቀኝ። «በር ላይ ሰው ያያሉ፣ እትዬ ሙሉዬ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለዚህ ነው ተከራይ የማይበረክትላቸው። ዓይናቸው ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም።»

ዓይናቸው ይሆናል። የጫማውን ነገር ግን ለሱ አልነገርኩትም።

ለእትዬ ሙሉዬ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለዋሸኋቸው ቤቴን ልቀቂ ይሉኛል ብዬ ነበር። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «አልዋሸሽም። ጠይቄሽ ነው የነገርሽኝ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ካሁን በኋላ ካየኋት ዝም ብዬ በሩን እከፍትላታለሁ። ላንቺ አልነግርሽም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ወደ ማታ ላይ ተነሥተው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው የውጭውን በር ገርበብ ያደርጉታል። ለምን እንደሆነ አልጠይቃቸውም። በሩን አያለሁ፤ ዓይኔን እመልሳለሁ፤ ደግሞ አየዋለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ አንዱን ነገር ለመናገር አቅም እስካገኝ ነው። የጫንን ቀን የሆነውን ለማንም አልነገርኩም።

ኢሱዙው መንገዱ ጠብቦት እኛ ጋ መግባት ስላልቻለ እህል በረንዳ ቆመ። ዕቃውን ተሸካሚዎች እያመላለሱልኝ፣ እኔ ኢርፋንን በግራ እጄ ይዤ መኪናው አጠገብ ቆሜያለሁ። ሌሊቱን ሁሉ «አልለቀውም፣ ምን ቢመጣ አልለቀውም» ስል ነው ያደርኩት። ከዚያ የሳጥኑ ገመድ ተበጠሰ። ሳጥኑ ከሰውዬው ጀርባ ተንሸራትቶ ወደ ልጁ ሲመጣ አየሁት። ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ ገፋሁት። ሳጥኑ መሬት ወድቆ ሳህኑ ሁሉ ተሰባበረ። ዞር ስል ኢርፋን የለም።

የመርካቶ ጩኸት ጸጥ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ሰማሁት። የሰው እግር ብቻ ይታየኛል፤ ድምፅ የለም። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን የልጁ ስም አልነበረም። «ኸይሩ!» ብዬ ነው የጮኽኩት። አንተን ነው የጠራሁት።

ልጁ ከጤፍ ማዳበሪያዎቹ ጀርባ ሆኖ ጆንያ የሚሰፋ ሰውዬ ያይ ነበር። አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ናት፤ ያቺ ትንፋሽ ግን እስካሁን አልወጣችልኝም።

ያን ቀን፣ በኢድ ዋዜማ፣ እያለቀስክ ስትመጣ «ጋሪው ሊወድቅባት ሲል ገፋሁት፣ ስዞር አጣኋት» ብለኸኝ ነበር። «እጇን ለምን ለቀቅክ?» ብዬህ አላውቅም። አንድም ቀን። ግን ምግብ ሳቀርብልህ፣ ስንተኛ፣ ስንነሣ፣ ዝም ብዬ ስጠይቅህ ነው የኖርኩት፤ አንተም ሰምተኸዋል። ለሰው «ለሥራ ጁባ ሄደ» አልን። ያልከኝን ያኔ አልሰማሁህም ነበር ኸይሩ። አሁን ሰማሁህ።

አድራሻችንን ለወፍጮ ቤቱ ሰዎች፣ ለመስጊዱ ዘበኛና እዚያ ለቀሩት ነጋዴዎች ሁሉ ሰጥቻለሁ። አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ብላችሁ ጠብቁልኝ ብያቸዋለሁ። ለአንተም ይኸው፤ ከአየር ጤና ዓለም ባንክ በሚለው ታክሲ ተሳፈር፤ መጨረሻው ላይ ውረድና ባህር ዛፉን ይዘህ ግባ፤ እትዬ ሙሉዬ ብትል ሕፃኑም ያሳይሃል።

ኢርፋን ትምህርት ጀምሯል። ውሃ በየሁለት ቀኑ ይመጣል። የኛ ትልቁ አልጋ ግን እስካሁን አልተገጠመም፤ ብሎኖቹን በጨርቅ ቋጥሬ፣ እንጨቱን ግድግዳ አስደግፌ መሬት እንተኛለን። በሪሁን የሚባል የእትዬ ሙሉዬ የወንድም ልጅ አናጢ ነው፤ «ልግጠምልሽ» ብሎ ሁለቴ መጣ። ቆይ አልኩት።

አላህ ከወባውም ከመንገዱም ይጠብቅህ። የሄድክበትን አገር ያልምድህ አልልህም፤ እንዳያለምድህ ነው ዱዓዬ። ልጅህ እግርህን ይስማል።

ሰዓደት