ከልቦለዴ የቀረው ድስት

ሰኞ፣ ጥር 4፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የዘጠነኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። አርባ ሁለት ወረቀት ቀርቶኛል። ስልክ ጮኸ። አሳታሚው ነው፣ ከአ.አ.። ሬዲዮ ክፈቺ አለኝ፤ አንድ ሐያሲ ስለ መጽሐፍሽ እያወራ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። የመጀመሪያ ልቦለዴ! ሐይቅ ከተማ ተቀምጣ አማርኛ የምታስተምር ሴት የጻፈችውን የፍቅር ልቦለድ ማን ጉዳዬ ይለዋል ብዬ ነበር እኮ።

ወላሂ በጆሮዬ ሰማሁት። ንግግሩ ይንዛዛል አለ (እውነቱን ነው)። ከዚያ ምዕ. 11ን አነሳ። የሙስሊሟ የፋጡማና የክርስቲያኑ የደሳለኝ ሠርግ፤ ሁለቱ ቤተሰብ ከአንድ ሰንጋ፣ ከአንድ ድስት የሚበሉበት። ግንቡ የፈረሰበት ገጽ ብሎ ጠራው። ከመጽሐፉ ሁሉ እሱን ወደደ። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ ብቻዬን እልል አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 6፣ አመሻሽ

ክው ብያለሁ።

እማዬ ማንበብ አትችልም። መጽሐፉን ጮክ ብላ የምታነብላት የጎረቤታችን ልጅ ትዕግስት ናት፤ ከሥራ ስትመለስ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብላ። የራሷ ሠርግ አስር ቀን ቀርቶት እንኳ አላቋረጠችም። እስከ ትናንት እማዬ ስቃለች፣ ደሳለኝን ረግማለች፣ ለፋጡማ ዱዓ አድርጋለች። ዛሬ ምዕ. 11 ደረሱ። ከት/ቤት ስገባ ትዕግስት የለችም። መጽሐፉ ተዘግቶ መስኮቱ ላይ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ምነው እማ? አልኳት። የየት አገር ሠርግ ነው አለችኝ። ማን ያረደውን ነው ያበላሽን? ልቦለድ እኮ ነው ብላት ባሰባት። ሐይቅ ብለሽ ስሙን ጠርተሽ የለም ወይ አለች።

የባሰውን ስሚ። የትዕግስት አባት ጋሽ ካሳዬም አንብበውታል። ከአጥሩ ማዶ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ የአባዬ (አላህ ይዘንለትና) የልብ ጓደኛ። የደሳለኝን አባት የቀዳሁት ከእሳቸው ነው። ባርኔጣቸውን፣ ሳላቸውን፣ ሳቃቸውን ሳይቀር። ካነበቡት ወዲህ እኛ ቤት ብቅ አላሉም አለችኝ እማዬ። አስራ አምስት ቀን! እኔ እኮ የሠርግ ሩጫ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 9፣ 4 ሰዓት ረፋድ

ሄድኩ። ወፍጮው ይጮሃል፤ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሷል። ጋሼ ይቅርታ ብዬ ስጀምር ሞተሩን አጠፉት። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሰዓዳ፣ እኛ ቤት የማትበይው ነገር ቀርቦልሽ ያውቃል?»

አያውቅም። አንድም ቀን።

እኔን አስመስለሽ ጽፈሽ እንግዳዬን የማይበላውን አበላሽብኝ አሉ። ሞተሩን መልሰው አስነሱት።

ያ ክዳኑ ቀይ ድስት ትዝ አለኝ። እነ ጋሽ ካሳዬ ቤት መደርደሪያው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ታስሮ የሚቀመጠው፣ ለእኛ ካልሆነ ለማንም የማይወርደው። ለፋሲካ ለእኛ የሚሆነውን በግ አባዬ የራሱን ቢላ ይዞ ሄዶ ያርድ ነበር። ለአረፋ ደግሞ ጋሽ ካሳዬ እኛ ጓሮ መጥተው ለክርስቲያኖቹ እንግዶች ያርዳሉ። ከዚያ አንድ ግቢ፣ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ምርቃት።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ! በመጀመሪያው ረቂቅ ሁለቱም ድስቶች ነበሩ። የአ.አ. አንባቢ ለያይተው ነው እንዴ የሚበሉት ይላል ብዬ ፈራሁና አንዱን ሰረዝኩ። አፈርኩበት። በዚያ ድስት አፈርኩ! ምን ዓይነት ጉድ ነኝ እኔ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ከሰዓት

አሳታሚው ደወለ። ሁለተኛ እትም ሊያወጣ ነው። ምዕ. 11 እንዳይነካ አለ፤ የሐያሲው ቃል ጀርባው ላይ ይወጣል። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት እንደምጨፍር። ላስብበት አልኩት።

ለትዕግስት ሚዜ ነኝ። ልቅር ይሆን? በየት ዓይኔ አባቷን አያለሁ? ይሄን ብላት ተቆጣች፤ ትቀሪና ታያለሽ ብላ እያለቀሰች ሄደች። እማዬ ከረቡዕ ወዲህ የምታናግረኝ ብይ፣ ተኚ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ 4 ሰዓት ረፋድ

ከእነ ትዕግስት ጓሮ ነው የምጽፍልሽ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ። ቶሎ ቶሎ።

ከሚዜዎቹ ጋር ልሰለፍ ስል ጋሽ ካሳዬ ጠሩኝ። በሰው ፊት ሊወቅሱኝ ነው አልኩ። ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ሰንጋ። የእኛን ሰንጋ የሰፈራችን ሸህ ናቸው ያረዱት። ጋሽ ካሳዬ እጄን ይዘው ቁልፍ አኖሩበት። የእስላሙ ወጥና ድስት የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ቁልፍ።

«አባትሽ ነበር የሚይዘው። ከሞተ ወዲህ ለማንም አልሰጠሁም። ዛሬ አንቺ ጠብቂልኝ።»

ያረቢ! እኔ? ያንን የጻፍኩት እኔ? ዕቃ ቤቱን ከፈትኩት። ከትልልቆቹ ድስቶች ጎን ያ ባለ ቀይ ክዳን ድስት፣ ጨርቁ ታጥቦ፣ እንደታሰረ። እማዬ ከኋላዬ ገብታ ፈታችው። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ኩሌ ተበላሸ። ተይ አሁን፣ ወጡን ታማስያለሽ ወይስ ታለቅሻለሽ አለችኝ። አናገረችኝ!

ሚዜነቱን አሥር ጊዜ እየሮጥኩ እደርስበታለሁ። አሳታሚው ጋ ደወልኩ። ምዕ. 11 ይቀየራል፣ ሁለት ድስት ይገባል አልኩ። ሐያሲው የወደደው ገጽ እኮ ነው አለ። አውቃለሁ አልኩ። ያለዚያ እትሙ ይቅር አልኩት። እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። እኔ ግን ጨርሻለሁ፤

ቆይ፣ ከሙሽራው ዘመዶች አንዱ ከወዲያኛው፣ ከክርስቲያኖቹ ድንኳን ጭልፋ እንደያዘ ወደ እኛ ድስት እየመጣ ነው። ኧረ ሰውዬ፣ በዚያ ጭልፋ ወዴት