በሰኔ ጾም ያወጣሁልህ ሙት ዓመት

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ዓመት ሞላ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸሎትህን አስደርጌ ተመለስኩ፤ ሱቁን አልከፈትኩም። ለራሴ የምጽፈውን የቀን ውሎ ለዛሬ ትቼ ይህን ለአንተ እጽፋለሁ፤ የሆነውን ሁሉ ከእኔ አፍ እንድትሰማው።

ቤቱ እንዳለ ነው። በረንዳው ላይ ያለው ወንበርህ ላይ ከድመቷ በቀር ማንም አይቀመጥም። ሱቁ ውስጥ የኮት ጨርቁን ቀንሼ ስስ የሴቶች ቀሚስ የሆነውን ድሪያ አበዛሁ። ብትኖር ትከራከረኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ሙቀት የሚሄደው እሱ ነው።

ትልቁ ወሬ የልጃችን የቤቲ ነው። ከዩኒቨርሲቲዋ ለክረምት ትምህርት ወደ ኢስታንቡል እንድትሄድ ተመረጠች። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ቤተ ክርስቲያኑንም መስጊዱንም እየዞሩ ስለ ሃይማኖትና ባህል የሚማሩበት ነው። ደስ ብሎን ሳናበቃ ቀኑን ብናየው ሙት ዓመትህ እዚያው መሐል ላይ ወደቀ። ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ግርማ ይህን ሰምቶ መጣ። "የአባቷን ሙት ዓመት ጥላ፣ ሃይማኖት ልትማር ባሕር ትሻገራለች?" አለኝ። ዘመዱ ሁሉ ከእሱ ጋር ቆመ። ቤቲም በቃ እቀራለሁ ብላ ያወረደችውን ሻንጣ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት መለሰችው።

አላለቀስኩም፣ አልተጣላሁም። ደንበኛ ዋጋ ሲሰብርብኝ እንደማደርገው ሒሳቤን ሠራሁ። ዕድሉ እሷን ቆሞ አይጠብቃትም፤ ዝክርህ ግን ሊቀድም ይችላል። የነፍስ አባታችንን ጠየቅኳቸው። ጸሎቱ በቀኑ ይሁን እንጂ ማብላቱ ቢቀድም ነውር እንደሌለው፣ የተቸገረ ሰው የሚርበው በዚያ ቀን ብቻ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ከበረራዋ በፊት ያለውን እሑድ ቆረጥኩ። ጋሼ ግርማም እያጉረመረመ ሁለት በግ ገዛ፤ እንደ ወጉ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ ሌላው ለሙስሊሙ እንግዳ፣ ጓደኛህ ሙሳ በእጁ የሚያርደው።

ሠርጋችን ትዝ ይልሃል? ከልጅነታችሁ ጀምሮ ፉል ከአንድ ሳህን የበላችሁት አንተና ሙሳ ያን ቀን ሥጋ ስላለ ብቻ አንተ በዚህኛው ድንኳን፣ እሱ በዚያኛው ሆናችሁ በእጅ ምልክት ስትሳሳቁ ዋላችሁ። በግ በታረደ ቁጥር ከሙሳ እለያያለሁ እያልክ ትቀልድ ነበር።

በዋዜማው ቅዳሜ የነፍስ አባታችን ቤቱን ሊባርኩ ገብተው በጎቹን ጓሮ ታስረው አዩዋቸው። ለካ የሰኔ ጾም ላይ ነን። ብዙዎቻችን የካህናት ጾም ነው እያልን የምናልፈው ስለሆነ፣ የአውሮፕላኑን ቀን ሳሰላ ጨርሶ ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። ስለ ሃይማኖት ሲቆጣን የከረመው ጋሼ ግርማም አላስታወሰውም። እሳቸው በጾም ሥጋ አይቀርብም አሉ። በዚያው ሰዓት ሙሳ ቢላውን ስሎ በር ላይ ደረሰ። ነገሩን ስንነግረው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። "አቦ ግርማ፣ በጉ ለመስቀል ይቆይ። ነገ ከእኔ ጋር ምስር ትበላለህ" አለው።

እንዳለውም ሆነ። እሑድ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ቀረበ፤ የክርስቲያን ድስት፣ የሙስሊም ድስት የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ ባገኘው ትሪ ዙሪያ ተቀመጠ። ጋሼ ግርማ በድግስ ቀን ከሙሳ ጋር አንድ ትሪ ቀርቦ አያውቅም፤ መጀመሪያ ላይ ዳር ዳሩን ብቻ ይቆርስ ነበር። ኋላ ሙሳ፣ ልጅ ሆነህ የቆመ ባቡር ጣሪያ ላይ ወጥተህ መውረድ አቅቶህ ያለቀስከውን ሲያወራለት ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ሳያልቅ ሙሳ ጠቅልሎ አጎረሰው። ሙሳ የተቀመጠው አንተ ቦታ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ብቻ ነው ተነሥቼ ጓዳ የገባሁት።

ቤቲ የሄደች ዕለት ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ አናት ያወረደው፣ አውሮፕላን ማረፊያም ያደረሳት ጋሼ ግርማ ነው። ሁለቱን በጎች ሐርላ ገጠር ያሉ የሙሳ ዘመዶች ከራሳቸው ከብት ጋር ያሰማሩልናል።

ትናንት ቤቲ ደወለችልኝ። እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አገሩ ሃይማኖት አንድ ነገር እንዲያወራ ተጠይቆ፣ እሷ ያንን እሑድ አወራች። ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ ወይ ሲሏት፣ አይደለም፣ ሥጋ ሲኖር ሁለት ድስት ነው፣ ያን ቀን እናቴ ጾሙን ረስታ ነው አለቻቸው። የሌለንን ዕቃ አለን ብላ ስላልሸጠች ወደድኩላት።

እንግዲህ የቆረጥኩትን ልንገርህ፤ ጋሼ ግርማም ሰምቶ አልተቃወመኝም። ጸሎትህ በየዓመቱ በዕለቱ ይደረጋል። ዝክርህ ግን በሰኔ ጾም ነው፤ ከእንግዲህ ረስቼ ሳይሆን አውቄ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በአንተ ስም የሚቀርብ ማዕድ ሙሳን ሌላ ድንኳን ውስጥ አያስቀምጠውም።

ሚስትህ አልማዝ