የቢራቢሮ ሰንጢ ያሠሩት የአቶ አረጋ ገብረ ሊባኖስ የሕይወት ታሪክ

አቶ አረጋ ገብረ ሊባኖስ ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ሊባኖስ ውቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ደስታ፣ በላስታ ብልባላ፣ በጥቅምት ወር 1919 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቤተሰቡ ለክህነት ቢያስባቸውም እሳቸው ዘመናዊ ትምህርት መርጠው ወደ ደሴ ወረዱ። በ1943 ዓ.ም. የድሬሰርነት ሥልጠናቸውን አጠናቀው ጥቂት ዓመታት በወልድያ አገለገሉ፤ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ግን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በላሊበላ ሠርተዋል። የላሊበላ ሰው ሁሉ «ሐኪም» ብሎ ይጠራቸው ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስቻለች መኮንን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ወይዘሮ ብርቅዬ አረጋን እና አቶ አድማሴ አረጋን ወልደዋል።

አቶ አረጋ በእጅ የተሠራ ካራ ይወዱ ነበር። ፍቅሩ ከየት እንደያዛቸው ቤተሰቡ አያውቅም፤ ሲጠየቁም «እንዲያው ያምረኛል» ከማለት በቀር ምክንያት አይሰጡም። ለክትባት በየገጠሩ ሲዞሩ ቀጥቃጭ ያለበትን መንደር ሳያዩ አያልፉም። የሥጋ ካራ፣ የብራና መፋቂያ፣ የማር መቁረጫ፣ ጩቤ፣ ሰንጢ እያሉ ሠላሳ አንድ ሰበሰቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ በደጃፋቸው ተቀምጠው እያንዳንዱን በዘይት ጨርቅ ይወለውላሉ። ስለቱን በጥፍራቸው ነካ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ካራውን በአንድ ጣታቸው ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ያያሉ። በአንዳቸውም ሽንኩርት ሲከተፍ አይተን አናውቅም፤ ወይዘሮ አስቻለችም በዚህ ነገር ተስፋ ከቆረጡ ቆይተዋል።

በ1963 ዓ.ም. ለፈንጣጣ ክትባት ኩልመስክ ሲሄዱ ከቀጥቃጩ ከአቶ ከፋለ ደርሶ ጋር ተዋወቁ። በአገራችን ቀጥቃጭ ቡዳ ነው እየተባለ እንደሚሸሽ፣ በዕድሜ የገፋ ቢሆንም «አንተ» እንደሚባል ሁላችን እናውቃለን። አቶ አረጋ ግን አቶ ከፋለን «አንቱ» ይሏቸው፣ ከቤታቸው ገብተውም ይበሉ ነበር። ስለዚህ ሲወቀሱ የመለሱትን እኔ የእህታቸው ልጅ አስታውሳለሁ። «ይህን ሁሉ ቋጥኝ የጠረቡትን ሰዎች ስማቸውን እንኳ ሳናውቅ እናከብራለን። አቶ ከፋለን ግን ስማቸውን እያወቅን እንሸሻቸዋለን» አሉ።

አብያተ ክርስቲያናቱን ለመጠገን ከመጡት የውጭ አገር ሰዎች የአንዱን ቁስል ሲያክሙ ከሰውየው ኪስ ያዩት ሰንጢ ነበር። ስለቱ በሁለት እጀታዎች መካከል ይከተታል፤ ሲፈልጉ እጀታዎቹ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘርግተው ወደ ኋላ ይገጥማሉ። ይህንን ለአቶ ከፋለ በቃል አስረዷቸው። አቶ ከፋለ በ1967 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ጥር ደከሙበት። የመጀመሪያው ላላ፤ ሁለተኛው ሲዘጋ ስለቱ እጀታውን ነካ። ሦስተኛው ተሳካ። ስለቱ ከመኪና ባሌስትራ፣ እጀታዎቹ ከበሬ ቀንድ ነበሩ። ተዘግቶ ወደ ፀሐይ ሲያዝ በመካከሉ ብርሃን አያልፍም። አጎቴን ይበልጥ ያስደነቃቸው ግን አቶ ከፋለ የእጀታዎቹን ውስጥ፣ ማንም የማያየውን ገጽ፣ እንደ ውጪው ማለስለሳቸው ነበር።

«ስምዎን ይጻፉበት» አሏቸው።

«ሰው ብረቱን እንጂ ቀጥቃጩን አይወድም፣ ሐኪም። ስሜ ምን ያደርግልዎታል?»

«ከእኔ በኋላ የሚያየው ሰው ማን እንደሠራው ይወቅ።»

አቶ ከፋለ ፊደል ስለማይቆጥሩ አጎቴ ስሙን በከሰል ጽፈው ሰጧቸው፤ እሳቸውም መስመሩን ተከትለው ስለቱ ላይ ቀረጹት።

በ1969 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አሰሳ በየቤቱ ሲካሄድ ካራዎቹ በሙሉ ተወሰዱ። ከአሳሾቹ አንዱ የቢራቢሮዋን ሰንጢ ሲከፍትና ሲዘጋ ቆይቶ ስሙን አነበበ። በሦስተኛው ቀን አቶ ከፋለ «ለሽፍታ የሚደበቅ መሣሪያ ይሠራል» ተብለው ከኩልመስክ ታስረው መጡ። አጎቴ ይህን እንደሰሙ ነጭ ጋዋናቸውን ሳያወልቁ ወደ እስር ቤቱ ሄዱ። ሹሙ ሊይዛቸው አልፈለገም።

«አንተ ሐኪም ነህ፤ ወደ ሥራህ ተመለስ። ጥፋቱ የሠሪው ነው።»

«ያሠራሁት እኔ ነኝ። ስማቸውንም በእጄ ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ፊደል አያውቁም።»

«ማንን ልትወጋበት?»

«ላየው ነው።»

«ካራ ለማየት?»

«አዎ፣ ለማየት።»

አልታመኑም። ነገር ግን ቃላቸውን ስላልለወጡ አቶ ከፋለ በዘጠነኛው ቀን ተፈቱ፤ አጎቴ በምትካቸው አራት ወር ከአሥር ቀን ታሰሩ። እዚያም ሆነው የእስረኛ ቁስል ያጥቡ ነበር። ሲፈቱ ካራዎቹ ተመለሱላቸው፤ የቢራቢሮዋ ሰንጢ ግን አልተገኘችም።

በወጡ በሳምንቱ፣ እግራቸው እንዳበጠ፣ በበቅሎ ኩልመስክ ሄዱ። እኔም አብሬያቸው ነበርሁ። ከበቅሎው ሳይወርዱ «በእኔ አምሮት ታሰሩ፤ ይቅር ይበሉኝ» አሏቸው።

አቶ ከፋለ ወናፉን ትተው ተነሡ። «ሐኪም፣ እኔን ሰው ሁሉ ‹ያ ቡዳ› ነው የሚለኝ። ሊይዙኝ የመጡት እንኳ ‹ከፋለ ደርሶ ማን ነው?› ብለው በስሜ ጠሩኝ። ይውረዱና እህል ይቅመሱ» አሉ።

ወርደው በሉ። እኔ፣ ይህን የምጽፈው የእህታቸው ልጅ ተክለ ሚካኤል፣ ጾመኛ ነኝ ብዬ ሳልበላ ቀረሁ። ጊዜው የፋሲካ ሳምንት ነበር። ይህንንም ሁለቱም ያውቁ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አቶ አረጋ በመጠለያ ታማሚዎችን ቀን ከሌት ሲረዱ የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ከዚያ ወዲህ ጤናቸው አልተመለሰም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሑድ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቻለች፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቤተሰቡን ጠርተው አንድ ነገር ብቻ ተናዘዙ። «ለቀብሬ የመጣ ሁሉ በአንድ ገበታ ይብላ። አቶ ከፋለን ከደጅ እንዳታስቀምጡብኝ» አሉ። ከኩልመስክ በእግራቸው የመጡት አቶ ከፋለ ደርሶ ይህ በሚነበብበት ሰዓት ከመካከላችን ቆመዋል። ከቀብር መልስ እዝን ሲቀርብ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣሉ። ከጎናቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ከአንድ ትሪም እንበላለን።

የሰውን ልፋት የማይረሳ አምላክ የአቶ አረጋን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ ለቀረነውም ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።