የግራው ካርቡራተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጋሼ፣ ዛሬ ለምን አልቀሰቀስከኝም? አርፍጄ ተነሳሁ። ብርድ ልብሴን ገፎ «ተነስ አንተ እንጨት!» የሚል ሰው ስለለመድኩ የሰዓቱ ደወል አይሰማኝም። ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ሊዘጋ ነበር። የሒሳብ የቤት ሥራም አልሠራሁም። አንተ ታሳየኛለህ ብዬ ትቼው ነበር…

በእረፍት ሰዓት ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድምህን አውሮፕላን ይዞት ወደቀ አይደል?» አለኝ።

«አይደለም። በሞተር ሳይክል ወደ ቤት ሲመጣ የጭነት መኪና ነው የገጨው። መታጠፊያው ላይ።»

«እ…» አለ። ፊቱን ብታየው! ቅር ያለው መሰለ። አውሮፕላን የሚጠግን ሰው በጭነት መኪና ሞተ ሲባል ለሰው አይጥምም መሰለኝ።

ሞተ ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

የዕቃ ማጠቢያው ሳሙና አላለቀም። እማዬ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። ድሮ «ይሄ ልጅ ሳሙና ይጠጣል እንዴ?» እያለች ትጮህብህ ነበር፤ የሞተር ዘይት ከእጅህ ለማስለቀቅ ግማሹን ስለምትጨርስባት። ዛሬ መልሳ አስቀመጠችው። 

ዞር ስትል ግማሹን መታጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ለምን? እኔ እንጃ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

አውሮፕላን ማደሪያው ሀንጋር ሄድኩ። የበረራ አስተማሪው ካፒቴን ደውሎ ነው።

እንዳለ ነው፣ ጋሼ። ጣሪያው ላይ ያሉት ርግቦችም እንዳሉ ናቸው። ቱታህ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ትንሿ አውሮፕላናችን ፌንጣ ሸራዋን ለብሳ ቆማለች። ትንሽ አቧራ አለባት፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። ካፒቴኑ እኔን ሲያይ ወደ ክንፏ ዞሮ በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርጋት ጀመር። ብዙ ጊዜ ቆየ። ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ፣ «መጣህ? ና… ና ግባ» አለኝ።

እሱም ከሳ። አንተ «ካፒቴን፣ ፌንጣ ወይ እርስዎን ወይ ነዳጁን ነው የምሸከመው ብላለች» ስትለው ሆዱን ይዞ ይስቅ አልነበር? አሁን ሁለቱንም ትሸከማለች።

«ተማሪዎቹ መቼ ነው የምንበረው እያሉ ነው» አለኝ። «መካኒክ አግኝቻለሁ፤ የምትመጣው ግን በሚቀጥለው ወር ነው። እስከዚያ… እሷን ከወንድምህ ቀጥሎ የምታውቃት አንተ ነህ። ላስነሳትና ስማልኝ።»

አስነሳት። ሁሌ የምቆምበት ቦታ ቆምኩ፣ ከፕሮፔለሩ ራቅ ብዬ፣ በግራ በኩል።

ገና ሳትሞቅ አወቅኩት። የግራው ካርቡራተር ቀድሞ ይከፍታል። ለሞተሩ ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉት ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል ካልከፈቱ አንዱ ጎን እየጎተተ ሌላው እየተጎተተ እንደሚሄድ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። «አንዱ እግሩ የሚያነክስ ሰው ሲሮጥ አይተሃል?» ብለህ። ትንቀጠቀጥ ነበር። የባዶው መቀመጫ ቀበቶ ዘለበት ቅጭቅጭ ይላል።

«እንዴት ናት?» አለ ካፒቴኑ አንገቱን አውጥቶ።

«እንደ ሁሌዋ ናት።»

«ትንሽ አትንቀጠቀጥም?»

«ብርዱ ነው። ስትሞቅ ትተዋለች።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ለምን ዋሸሁ?

ልጻፈው እንግዲህ። ካስተካከልን ገመዱ… ገመዱ ሳይሆን የነዳጅ መስጫው ሽቦ… ሽቦውን የሚይዘው ትንሹ ዳዶ መፈታት አለበት። የግራው ካርቡራተር ዳዶ። ያንን ዳዶ ያጠበቅከው አንተ ነህ። ላዩ ላይ ቀይ መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ።

ደንባችን ነበር። አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው በዓይኑ አይቶ ያሰምራል፤ መስመሩ ከዳዶው ጀምሮ ከሥሩ ያለው ብረት ላይ ይደርሳል። ዳዶው ንቅንቅ ካለ መስመሩ ይሰበራል፣ ከሩቁ ይታያል። ያጠበቀ ሰው አያሰምርም። «የራሱን ሥራ የሚያይ ዓይን ይዋሻል» ትለኝ ነበር። ቀለሙን ከመዋቢያ ሱቅ የገዛን ቀን ሻጯ «ለማን ነው የጥፍር ቀለሙ?» ስትልህ «ለፌንጣ» ብለሃት… ፌንጣ የፍቅረኛህ ስም መስሏት «ታዲያ ሁለት ውሰድላት» አለችህ።

የመጨረሻው መስመር ያ ነው። ከታች የአንተ እጅ፣ ከላይ የእኔ። በማግስቱ ነው ያልመጣኸው።

ካልተፈታ እዚያው አለህ። እንደዚህ ነው የማስበው። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ካፒቴኑ ደወለ። ነገ ብቻውን አንድ ዙር ሊወስዳት ነው። «ደህና ናት ብለሃል አይደል?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አዎ» አልኩት።



እሑድ፣ ጥቅምት 25

ተነሳች። መሬቱን ስትለቅ ድምጿ ወፈር ብሎ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ሁለቱን እጆቼን ኪሴ ከተትኩ፤ አውጥቼ ብብቴ ሥር ከተትኳቸው… የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ከዛፎቹ በላይ ሆነች። ዞረች። እያየኋት አንድ ነገር ብቻ ነው በጭንቅላቴ የሚመላለሰው፦ ይሄ ሰውዬ የወጣው በእኔ ቃል ነው። ሚስት አለው። ነጯን ውሻውንም ይወዳታል።

ጋሼ፣ ጠራሁህ እኮ። ድምፄን አውጥቼ። አልመለስክልኝም።

አረፈች። ካፒቴኑ ወርዶ ጣቶቹን ማፍታታት ጀመረ፤ ደንዝዘውበታል። «ጥርሴን ልታራግፈው ነበር!» አለ፣ እንደ ቀልድ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።



ዓርብ፣ ጥቅምት 30

መካኒኳ ቀደም ብላ መጥታለች አሉ። ነገ ፌንጣን ታያታለች። እንቅልፍ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ሴትዮዋ አጭር ናት። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ካፒቴኑ «እትዬ» ይላታል፣ በዕድሜ ቢበልጣትም። ስትገባ ሰላም ያለችው ፌንጣን ነው፣ ከዚያ እኛን።

ሁለት የግፊት መለኪያ አገናኝታ አስነሳቻት። መርፌዎቹ እንደ ተኳረፉ ጎረቤት፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዞሩ። አጠፋቻት።

«እንዲህ ሆና ትንሽ ከበረረች የማርሽ ሳጥኗን ትበላዋለች» አለች። «ማርሹ ሲበላ ደግሞ አየር ላይ ነው የምታውቀው።» ከዚያ ጎንበስ ብላ የግራውን አየች። «ይሄ ቀለም የማን ነው?»

«የኔ።»

«የጥፍር ቀለም ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ያምራል። እኔ ጥፍሬ ላይ ተቀብቼ የማላውቀው ቀለም ነው።»

ካፒቴኑ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቁልፍ አንስታ ዳዶው ላይ ልታስገባ ስትል «አይንኩት!» ብዬ ጮህኩ። ርግቦቹ እንኳ ተነሱ።

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ካፒቴኑን። «ያጠበቀው ማነው?»

«ወንድሙ ነው» አለ ካፒቴኑ፣ ቀስ ብሎ።

ቁልፉን ጨርቁ ላይ መልሳ አስቀመጠች። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። የምታጽናናኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን፣

«ይሄን ዳዶ በየስንት ጊዜው ነበር የምትፈቱት?» አለችኝ።

«በየወሩ። ሽቦው ስለሚለጠጥ።»

«መስመሩስ?»

«እየፋቀ ያነሳው ነበር። በጥፍሩ።»

«ከዚያ አንተ እንደገና ታሰምራለህ።»

«አዎ።»

«እና አንድም ቀን አይንካው ብለኸዋል?»

አላልኩም። እንዴት እላለሁ? እያፏጨህ ነበር እኮ የምትፍቀው። የአንተው ሥራ፣ የእኔው መስመር፣ ፋቅ ታደርግና «ቀጥል» ትላለህ። እንዴት እስከ ዛሬ ትዝ አላለኝም?

«በኔ ቤት ያሰመረ ሰው እያለ ሌላ ሰው መስመሩን አይሰብርም» አለች። «ስለዚህ ያንተ ሥራ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ቦታ ቀጠሮ አለኝ፣ ከሰዓት ነው የምመጣው። ካፒቴን የሀንጋሩን ቁልፍ ይሰጥሃል። ሽቦውን ብቻ። ሞተር አታስነሳም፣ ሰማህ? ጣቶችህን ሙሉ ይዘህ ብትጠብቀኝ ነው የምፈልገው።»

«ካቃተኝስ?»

«ካቃተህ እኔ እፈታዋለሁ። ያኔ አትቀየመኝም።»

ስትሄድ ካፒቴኑን ይዤ ሁሉንም ነገርኩት። ባለፈው ሰምቻት እንደነበር። እያወቅኩ ደህና ናት እንዳልኩ።

«እኔም አውቄያለሁ» አለኝ።

«እንዴት? ጆሮዬ ድሮ ሄዷል ይሉ የለ?»

«ጆሮማ ሄዷል። በመቀመጫዬ ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ለምን በረሩ?»

የክንፏን ጠርዝ በጣቱ ጠረገ። «እሱ ያስተካከላትን አንዴ ላብርራት ብዬ…» አለ። «ሁለታችንም ጅሎች ነን። ከእንግዲህ ግን ትነግረኛለህ። የሰማኸውን በሙሉ። ገባህ?»

ገባኝ አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ቅዳሜ ሀንጋሩ እንደምሄድ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ አላቆመችም።

«በምን ትሄዳለህ?»

«በአውቶቡስ።»

«አውሮፕላኑ ላይ ትወጣለህ?»

«መቀመጫው ላይ ብቻ። አይነሳም።»

 አንዱን ሽንኩርት ጨርሳ ሌላ አነሳች። ቆይታ፣ «ቱታው እዚያ ነው?» አለች።

«ምስማሩ ላይ ነው። ላምጣልሽ?»

«አምጣ…» አለች። ከዚያ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፤ ሽንኩርቱም አለ። «አይ፣ ተወው። ልብስህን በዘይት ታበላሻለህ፣ አንተው ልበሰው። እጅጌውን ግን እጠፈው፣ የሆነ ነገር እንዳይዝህ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። የሀንጋሩ በር ለሁለት ሰው ነው የተሠራው። አንዱን ክንፍ በጀርባዬ ገፍቼ ከፈትኩ፣ ተመልሼ ሌላውን። ሸራዋን አወረድኩ። ቱታው ያው ሰፊ ነው፤ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት፣ እግሩን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰው ቢያየኝ ይስቅ ነበር።

የሞተሩን ክዳን አውጥቼ ግራው ጎን ተንበረከክሁ። መስመሩ ምንም አልሆነም፣ ደማቅ ነው። ዝም ብዬ አየሁት። ርግቦቹ ቁር ቁር ይላሉ። ውጪ አንድ ሰው ውሻ ይጠራል።

በአውራ ጣቴ ፋቅኩት።

ቀለሙ ጥፍሬ ሥር ገባ። ቁልፉን አስገብቼ፣ ይከብዳል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስስበው ዳዶው እሺ ብሎ ዞረ። በጉልበት የታሰረ መስሎኝ ነበር። ጋሼ አሉሚኒየም ላይ ጉልበት አያሳይም ነበር፤ እስከሚይዝ ድረስ ብቻ።

ቀጥሎ ተቸገርኩ። አንድ ሰው መቀመጫው ላይ ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ቀስ እያለ ይገፋል፣ ሌላው ከፊት ሆኖ ካርቡራተሮቹን ያያል። የምገፋው ሁሌ እኔ ነበርኩ። አሁን ከገፋሁ ማን ያያል? ገፍቼ ሮጥኩ፣ አይቼ ተመለስኩ። ላብ አጠመቀኝ። ደግሞ ስሮጥ ሁሉም ነገር አልፎ ነው የምደርሰው።

ክንፏ ሥር ተቀመጥኩ። ትንሽ አለቀስኩ፣ ብዙ አይደለም።

ከዚያ ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከጀርባው አንድ ገጽ ቀድጄ ሁለት ቀጭን ወረቀት አደረግኩት። አንዱን ግራው ካርቡራተር ላይ፣ የሚከፍተው ክንድ ከሚያርፍበት ሥር ሰካሁት፤ ሌላውን ቀኙ ላይ። ክንዱ ከተነሳ ወረቀቱ ይወድቃል። መቀመጫው ላይ ሆኜም በሁለቱም ጎን መሬቱ ይታየኛል። ይሄን ማንም አላሳየኝም።

ገፋሁ። ግራው ወደቀ። ቀኙ ቆይቶ።

ወረድኩ፣ ትንሽ አዞርኩ፣ ወረቀቶቹን መለስኩ፣ ወጣሁ። ግራው ቀደመ። እንደገና። አሁን ደግሞ ቀኙ ቀደመ፤ አብዝቻለሁ። እንደገና…

ስንት ጊዜ እንደወጣሁና እንደወረድኩ አላውቅም። ፀሐይዋ በሩ ላይ ከነበረችበት እስከ ጎማዋ ድረስ ገብታለች። ነዳጅ መስጫውን በሁለት ጣት፣ ትንፋሼን ይዤ ገፋሁት። ሁለቱ ወረቀቶች እኩል ለቀቁ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ወለሉ ላይ አረፉ።

«በቃ» አልኩ፣ ለራሴ።

ዳዶውን እስከሚይዝ ድረስ አጠበቅኩት፤ ከዚያ አላለፍኩም። የቀለሙን ጠርሙስ ከፍቼ ብሩሹን አወጣሁ፣ እንደ ልማዴ። ጎንበስ ካልኩ በኋላ ነው የነቃሁት።

ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ብሩሹን መልሼ ከደንኩት። ጠርሙሱን እትዬ የምታየው ቦታ፣ ክንፏ ላይ አስቀመጥኩ። ዳዶው እንደዚያው ያለ መስመር ነው። በሩ አጠገብ ባልዲው ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ፣ ወደ መንገዱ እያየሁ።