የጀዕፈር ፔርሙዝ

ፌብሩዋሪ 3
ልብስ አጠብኩ። ምስር ቀቀልኩ። ባሌ ጀዕፈር ከሐኪም መጣ... የስኳር በሽታው ብሷል፣ ክኒኑ አልበቃውም። ስድስት ሳምንት ሰጥተውታል። ካልወረደ ኢንሱሊን። ኢንሱሊን ከጀመረ ደግሞ የኤርፖርቱን አውቶቡስ አያስነዱትም፣ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የነዳውን! ከመሪ ሌላ ምን ያውቃል ይሄ ሰውዬ?

ፌብሩዋሪ 5
ከልጄ ከሊና ጋር ዲኬተር ወዳለው ሱቅ ሄድን። በስኳር ፋንታ የሚጨመር ነገር ፍለጋ። ሮዝ ፓኬት፣ ሰማያዊ ፓኬት፣ ቢጫ ፓኬት።
«እማ፣ ቢጫውን ትራይ አድርጊው። ዜሮ ካሎሪ ነው፣ ኦኬ?»
ዜሮ ከሆነ ምኑ ነው የሚጣፍጠው?
«ከስኳር ነው የሚሠሩት።»
ከስኳር ተሠርቶ ስኳር ያልሆነ... እንዴት ነው ነገሩ? ሮዙ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰማያዊው ራስ ያሳምማል አሉ። ቢጫው ገና አዲስ ስለሆነ ነው ስሙ ያልጠፋው። እሱኑ ገዛን።

ፌብሩዋሪ 6
ቀመስኩት። ምላስ ላይ ተጣብቆ አልሄድ ይላል። ይሄን ነው ባሌ የሚጠጣው?

ፌብሩዋሪ 9
እህቴ ከደሴ የላከችልኝ ማር አለ። ማር እኮ ሽፋ ነው፣ ፈውስ። ስኳር ከሸንኮራ፣ ማር ከንብ፣ ምን አገናኛቸው? ለሥራ የሚይዘው ፔርሙዝ ሻይ ውስጥ አራት ማንኪያ ጨመርኩ። ሁለት ቢጫ ፓኬት ቀድጄ ዱቄቱን ሲንክ ውስጥ ደፋሁ። ወረቀቱን እንዲያየው ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ለሱው ብዬ ነው።

ፌብሩዋሪ 10
«ዘሃራ፣ ሻዩ ተዋጣልሽ» አለኝ። ቀረፋውና ቅርንፉዱ ነው አልኩት። ሳቄን ዋጥኩ። ከእንግዲህ በየጠዋቱ ማር ነው።

ፌብሩዋሪ 24
ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለካ። 260። ባለፈው 210 ነበር! ስኮትዴል የሚኖረው ጓደኛው ረሺድ ቤት ምን እያበሉት ነው? ወይስ መለኪያው ይዋሻል? የጃኬቱን ኪስ ፈተሽኩ። ማስቲካ ብቻ። እሱም ስኳር የሌለው።

ማርች 2
«ይሄ ቢጫ ነገር ነው የሚገድለኝ» አለ። እኔም ከመጀመሪያው አላመንኩትም አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሻይ የለም አለ፣ ውሃ ብቻ።

ማርች 6
ሻይ ካቆመ አምስተኛ ቀኑ። 150።
«አላልኩሽም? ቢጫው ነው!»
ቢጫው...? ቢጫውን እኮ አንድ ቀንም ጠጥቶት አያውቅም። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እኔ ነኝ? ሰውን ሁሉ ስጠረጥር... እኔ ነኝ?

ማርች 17
ሐኪም ቤት። ጀዕፈር ቢጫውን ይከሳል፣ ሊና ታስተረጉማለች። አላስቻለኝም።
«ማር ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»
ሊና ማስተርጎሟን አቆመች። «እማ... ምን?»
ዶክተሯ ማርም ያው ስኳር ነው አለች። አንድ ወር ጨመረችለት። አልሐምዱሊላህ፣ አውቶቡሱን ገና አልቀሙትም። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማርች 20
ዛሬ ሻይ አምሮት አፈላሁለት። ቢጫውን እያየኝ ቀደድኩ፣ እያየኝ ጨመርኩ። ፔርሙዙን ከእጄ ተቀበለ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። ደፋውና ራሱ ሌላ አፈላ።
ሃያ ሁለት ዓመት ከእጄ ሲበላ አሽትቶ አያውቅም።