ደሴቷ በግራ በኩል አለፈች

ልጄ ኖፍሪዳ፣ ሆንግ ኮንግ ያለሽበትን ቤት ጌታ በሰላም ይሙላው። እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

እሳተ ገሞራው ካባረረን ወዲህ ደሴታችንን መርገጥ ስለተከለከለ፣ የአባትሽን መቃብር ከባሕር ላይ እንዳየው ብለሽ የመርከብ ቲኬት ላክሽልኝ። የያዝሽልኝ ክፍል መስኮቱ በቀኝ፣ ደሴቷ ያለፈችው በግራ! ሮጬ ፊተኛው ሰገነት ላይ ወጣሁ። አስተናጋጁ፣ «እማማ፣ ይሄ ቦታ ተጨማሪ ለከፈለ ብቻ ነው፤ ይውረዱ» አለኝ።

«ባሌ እዚያ ኮረብታ ላይ፣ ከገውዝ ቅመም ዛፍ ሥር ተኝቷል፤ አንተ እዚያ ማን አለህ?» ብዬ የሰገነቱን ብረት ጨብጬ ዘርፈጥ አልኩ። ከባልደረባው ጋር ሁለት ሆነው ሊያነሡኝ ታገሉ። ኮረብታው ከዓይኔ እስኪሰወር አልተነሣሁም።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው። ለከርሞ ግን መስኮት አትግዢልኝ፤ ራስሽ ነይና አጠገቤ ተቀመጪ። ሁለታችንን ማንሣት ይከብዳቸዋል።

እናትሽ